ጣሳው ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ቁም ሣጥኔ ላይ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ሥዕሉ ተፋፍቆ የላሟ አንድ ቀንድና የጆሮዋ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። አቧራ ልጠርግ ባነሣሁት ቁጥር ውስጡ ያለችው ወረቀት ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ትንሸራተታለች። ድምፅዋ ይህን ያህል አይደለም፤ ደረቅ ቅጠል ነፋስ ሲገፋው ሲሚንቶ ላይ የሚያሰማው ዓይነት ነው። እኔ ግን እሷን ስሰማ ጨርቁን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለበዓል ስትመጣ ጣሳውን ታየዋለች፣ እጇን ግን አትሰድበትም። ወረቀቷ ላይ ምን እንዳለ አታውቅም። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። ያን ጊዜ ታቦር ተራራ ሥር ያለው ግቢዬ ከሰዓት በኋላ የልጆች ነበር። ነገሩን የጀመርነው እኔና ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ነን። አንድ ቀን ለልጅ ልጄ ሒሳብ ሊያስረዷት መጡ፤ በማግስቱ የጎረቤት ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ «ግቡ» አሏቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አርባ ሁለት ልጅ ግቢዬ ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ተኮልኩሎ አገኘሁ። ድንጋይ ላይ ሳንቃ አጋድመን መቀመጫ አደረግን። የአሮጌ ቁም ሣጥን መዝጊያ ጥቁር ቀለም ቀብተን ግንዱ ላይ በሽቦ አሰርን። ሰሌዳችን እሱ ነበር። ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳው እንኳ አልተደፈነም፤ መምህሩ ዜሮ ሲያስፈልጋቸው በዚያ በኩል ይጽፉና ቀዳዳውን ይጠቀሙበት ነበር።

ልጆቹ ጠዋት በፈረቃ ተምረው፣ ምሳ የበላውም ያልበላውም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጡ ነበር። የጠመኔው ብናኝ፣ ወድቆ የፈረጠው አቮካዶ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የጭቃና የዓሣ ሽታ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይሸተኝ ነበር። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ብርሃኑ በቅጠሉ መሐል ገብቶ ደብተራቸው ላይ ይርገበገባል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው በላያችን ሲያልፉ ትንንሾቹ ቀና ይላሉ። መምህሩም «እሱ ዓሣውን በልቶ ነው የሚዞረው፤ እናንተ ገና ሰባት ጊዜ ስምንትን አልበላችሁም» ይሏቸው ነበር። እኔ ሱቄ ውስጥ ሳሙናና ስኳር እየሸጥኩ አዳምጣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ክፍልፋይ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም። አባቴ አንድ መስከረም ከገበያ አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ወንድሜና እኔ ቆመን እናያለን። ለወንድሜ ሰጠው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አቅሙ ለአንድ ልጅ ነበር። ግን መረጠ። ያ ደብተር ካንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ለብዙ ዓመት የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ዕጣ ቢጥልብን ኖሮ፣ ለወንድሜ ቢወጣለት እንኳ አይከፋኝም ነበር። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግሁት ከየት እንደመጣ እንድታውቁ ነው እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ከልጆቹ መሐል የአንዲት ጎመን ሻጭ ልጅ ነበረች። እናቷ ከቡሹሎ በኩል ጎመን ተሸክማ እየመጣች እኛ ሠፈር መገንጠያው ላይ ትሸጥ ነበር። ልጅቷ ከልጅ ልጄ ጋር ስምንተኛ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነበሩ። እጆቿ ሁልጊዜ እርጥብ ጎመን ይሸታሉ። ፊደሏ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ወረቀት እንዳያልቅባት ነው። የደብተሯን ኅዳግ ሳይቀር ከጨረሰች በኋላ ሱቄ ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ የሚጣል ካርቶን ካለ አይጣሉት» ትለኝ ነበር። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ እሰጣታለሁ፤ በማግስቱ ከዳር እስከ ዳር በሒሳብ ሞልቶ አየዋለሁ። ስትመልስ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። መምህሩ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካዩ ሌላውን ሁሉ ዝም ያሰኙላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እስር ጎመን በሬ ላይ አስቀምጣ ትሮጣለች። የምትሮጠው ከልጅ አልቀበልም ብዬ ስለተቆጣኋት ነው።

አንድ ቀን እናቷ ራሷ መጣች። ከልጇ ጋር በሲዳምኛ ጥቂት ተነጋግረው ወደ እኔ ዞረችና በአማርኛ፣ ቃሉን እየመረጠች፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የስምንተኛ ክፍሉን ፈተና ካለፈች አባቷ ትቀጥል ብሏል። ከወደቀች ግን ዲላ ያለችው እህቱ ለቤት ሥራ ትፈልጋታለች፣ ቃል ተሰጥቷታል።

«አለፈች፣ ትማራለች። ወደቀች፣ ትሄዳለች» አለችኝ።

ልጅቷ አጠገቧ ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር። ታልፋለች አልኳት። ማን ሆኜ እንዲያ አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩ እንጃ።

ከገና በኋላ አንድ ባለሙያ መጣ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ፎርሞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘ፣ ሥርዓት ያለው ወጣት ነበር። መንግሥት ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየሠፈሩ ለሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ድጋፍ መድቧል፣ የእናንተም ተመርጧል አለን። የሠፈሩ አዳራሽ ይሰጠናል፤ ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ዝናብ አያስገባም። መጻሕፍት ይመጣሉ። ለመምህሩ አበል፣ ለልጆቹ ዳቦና ወተት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉና እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስተማሩት በነፃ ነበር፤ ጫማቸውን ያየ የጡረታቸውን ነገር ያውቃል።

ከዚያ ባለሙያው ፎርሙን ፈታ። በአንድ ማዕከል ሃያ አምስት ልጅ። የእያንዳንዱ ስም ይጻፋል፣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም ከተመታ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ ስም መቀየር የለም። መምህሩም አበል እየተቀበሉ በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ ማስተማር አይችሉም። አቮካዶው ሥር ያለው ይቆማል ማለት ነው።

እነዚህ እኮ አርባ ሁለት ናቸው አልኩት።

«እናቴ፣ ቁጥሩን እኔ አላወጣሁትም» አለኝ። «ጎበዝ ጎበዞቹን ምረጡ። ለሪፖርቱም ጥሩ ነው።»

ምረጡ ሲል የአባቴ ደብተር ትዝ አለኝ።

እሑድ ወላጆችን ሰበሰብን። እዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ልጁ ችግረኛ ነው፣ የሁሉም ልጅ ጎበዝ ነው። አንዷ እናት የእሷ ልጅ ቀለም ቶሎ እንደሚገባው ስትናገር አንድ ባለ ባጃጅ ጎረቤቴ፣ እኔ የማውቀው ኳስ ሲያገባ ነው፣ ያውም በእኔ መስታወት ብሎ አሳቀን። መምህሩ ተነሥተው ሐሳብ አቀረቡ። ዘንድሮ የሚፈተኑት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይቅደሙ፤ ከእነሱም ቤታቸው የሚያስረዳቸው ሰው የሌላቸው። ሰው አጉረመረመ። መምህር የሚወዷቸውን ያውቃሉ የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እሳቸው ፊታቸው ቀልቶ ተቀመጡ።

ያኔ ተነሣሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው አይመረጥም አልኩ። ዕጣ ይጣላል፤ ሁሉም በገዛ እጁ ያወጣል።

«እትዬ፣ ኮንዶሚኒየም አደረጉት እንዴ?» አለ ባለ ባጃጁ።

«ኮንዶሚኒየም ቢሆንማ አንተ ገና ሳይወጣልህ ታከራየው ነበር» አልኩት።

ሰው ሳቀ። ሳቁ ነገሩን ጨረሰው። ግቢው የእኔ ነው፣ አፌም ያኔ ከዛሬው ይልቅ ስለት ነበር።

መምህሩ ሰው ከተበተነ በኋላ በሩ ላይ ቆዩኝ። እንደ ልማዳቸው በቀስታ ነበር የተናገሩት።

«እትዬ፣ ሐኪም መድኃኒት በዕጣ አይሰጥም» አሉኝ።

«ሐኪምም ቢሆን ዘመዱን ያስቀድማል» አልኳቸው።

«እንግዲያው የልጅ ልጅዎን ከዕጣው ያስወጡልኝ። ለእሷ እርስዎ አሉላት፣ እኔም እሑድ እየመጣሁ አስረዳታለሁ። አንድ ቦታ ለሌላ ሊተርፍ ይችላል።»

«የእኔ ስለሆነች ልትበደል? እንደ ሰው ልጅ እጇን ትስደድ።»

እሳቸው ስም አልጠሩም። እኔ ግን ያን የሚተርፈውን ቦታ ለማን እንደተመኙት አውቅ ነበር። አሁንም አቮካዶው ሥር ሳልፍ ያን በር አያለሁ። እዚያ ቆሜ እሺ ብል ኖሮ አንድ ቃል ነበር፤ ከአፍ ለመውጣትም አይከብድም።

ዕጣውን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። ከአንድ ደብተር ወረቀት እኩል እኩል ቆረጥኩ። ሃያ አምስቱ ላይ ኮከብ ሣልኩ፤ አሥራ ሰባቱ ባዶ ቀሩ። ሰው ሁሉ ፊት ዘርግቼ አስቆጠርኩ፣ አንድ ዓይነት አጣጥፌ ጣሳው ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን ገጥሜ እስኪደክመኝ ነቀነቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው። ልጆቹ ተሰለፉ። አንዱ ኮከብ አውጥቶ ይዘላል፣ አንዱ ባዶ አውጥቶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። ባለ ባጃጁ ጮክ ብሎ ኮከቡን ይቆጥር ነበር።

የጎመን ሻጯ ልጅ ትንንሾቹን እያሳለፈች እያሳለፈች ሰልፉ መጨረሻ ሄደች። የልጅ ልጄም አልለያትም ብላ አብራት ሄደች። ባለ ባጃጁ ሃያ አራት ሲል ጣሳው ውስጥ ሁለት ወረቀት፣ ከፊቴ ሁለት ልጆች ቀሩ። የልጅ ልጄ ፊት ነበረች። እጇን ሰደደችና መልሳ አወጣችው። ወደ ጓደኛዋ ዞራ አንቺ ቅደሚ አለቻት። አይ፣ አንቺ አለች ያቺ። ደግሞ አንቺ አለች ይቺ። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። የልጅ ልጇን ልትጠቅም ነው የሚል እንዳይኖር፣ ልትጎዳም ነው የሚል እንዳይኖር፣ ሕጉን ያዝኩ።

«በሰልፍ ነው» አልኩ። «ፊት የቆመችው ታውጣ።»

የልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እጇን ከተተች። ኮከብ ነበር።

ያቺ ደግሞ የቀረው ምን እንደሆነ እያወቀች ተራዋን ጠብቃ ጣሳው ውስጥ እጇን ሰደደች። ወረቀቷን ዘረጋች፣ አገላብጣ በሁለቱም ጎን አየቻት።

«ንጹሕ ናት፤ ይጻፍባታል» አለችና ደብተሯ ውስጥ አስገባቻት።

ሰው ሲሄድ የልጅ ልጄ ሱቅ ውስጥ ተከትላኝ ገባች። ፎቶዬን ገና አልሰጠሁም፣ የእሷ ስም ይጻፍ አለችኝ። ተቆጣሁ። ዛሬ አንቺ ለጓደኛሽ ብትሰጪ ነገ ሌላው ይሸጣል፤ ተስማምተው ነው ያወጡት ይሉናል፤ ዕጣ ዕጣ ነው አልኳት። ብዙ ተናገርኩ። እሷ ጠብቃ ጠብቃ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

«አንቺ ፍትሕን ወደሽ ሳይሆን ሐሜትን ፈርተሽ ነው።»

ልመታት እጄን አነሣሁ፣ አልመታሁም። ፎቶዋን ግን እኔው ወስጄ ሰጠሁ።

አዳራሹ ተከፈተ። መጻሕፍቱም መጡ፣ ወተቱም መጣ፤ የተባለው ሁሉ ተደረገ፣ በዚህ አልዋሽም። የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ሰሞን ዳቦዋን ሳትበላ በቦርሳዋ ይዛ ለጓደኛዋ በማግስቱ ትምህርት ቤት ትወስድላት ነበር። ያቺ አልተቀበለቻትም። ምን ብላ እንደመለሰች የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት፤ «እማማ ራሳቸው ከልጅ አልቀበልም ይላሉ» ነው ያለቻት።

ሌሎቹ አሥራ ስድስት ልጆች ቀሩ። እሷ ግን እንደ ልማዷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ሳንቃው ላይ ብቻዋን፣ ፊቷን ወደ ባዶው ሰሌዳ አድርጋ ተቀመጠች። ከልጅ ልጄ ደብተር የገለበጠችውን ካርቶን ላይ ትሠራለች። መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት ነይ ብለዋት ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እናቷ ብቻዋን አትችልም፣ ሁለት ጊዜ ብቻ መጣች። ሲያቅታት ወደ ሱቄ መስኮት ብቅ ትል ነበር። አንድ ቀን ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ በእኩል ይሆናል ምልክት ላይ ጣቷን አድርጋ፣ «እማማ፣ ይቺ ቁጥር ወዲያ ስትሻገር ለምን ትቀነሳለች?» አለችኝ።

ክፍልፋይ ቢሆን እነግራት ነበር። መምህሩን እጠይቅልሻለሁ አልኳት። ሰው ገባ፣ ዘይት ቀዳሁ፣ ረሳሁ። በማግስቱም ሳትጠይቀኝ ቀረች፤ እንደረሳሁ ከፊቴ ያየች ይመስለኛል።

የበልግ ዝናብ ጀመረ። የሰሌዳው ቀለም እየተላጠ መጣ። እሷ አንድ ቀን ስትመጣ አንድ ቀን ትቀር ጀመር። የመጨረሻ በመጣችበት ዕለት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከቅጠሉ ጠብ ጠብ ይላል። ሱቄ ገብታ ጣሳውን ላየው አለችኝ። ሚዛን ላይ ነበርኩ፤ ሳላያት ከመደርደሪያው አንሥቼ ሰጠኋት። በሩ ጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጥቂት ቆየች። ክዳኑን አጥብቃ ገጥማ መለሰችልኝ። «አመሰግናለሁ እማማ» ብላ ደረቷን በደብተሯ ከልላ ወጣች። ለምን ፈለገችው ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅ ነገር አያጣም ብዬ ተውኩት።

ውጤት መጣ። የልጅ ልጄ አለፈች። ያቺ በትንሽ ቀረች። መምህሩ ወረቀቱን ይዘው መጥተው ነጥቡን ሲነግሩኝ ደጋግመው ትንሽ፣ ትንሽ ይሉ ነበር። እናቷን መገንጠያው ላይ አገኘኋት። ጎመኑ ላይ ውኃ እየረጨች ነበር። ስለ ልጇ ስጠይቃት ቀና አላለችም።

«ሄደች» አለችኝ።

አንድ እስር ጎመን ብድግ አድርጋ ሰጠችኝ። አልቀበልም ማለት አቃተኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ድጋፉ አልመጣም። ሄጄ ጠየቅሁ። ያ ወጣት ተዛውሯል፤ ሌላው ደግሞ ለዘንድሮ በጀት አልተያዘለትም አለኝ፣ ምናልባት ለከርሞ። ምናልባት የምትለዋን ቃል ይዤ፣ ዕጣ የሚጣል ከሆነ ብዬ፣ ቤት ገብቼ ጣሳውን አወረድኩ። ክዳኑን ስከፍት ባዶ መሆን የነበረበት ጣሳ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ራሴ የቆረጥኳት፣ ኮከብ የሌለባት ናት። በዚያች የጤፍ ፍሬ በምታህል ፊደል ስሟ ከነአባቷ ተጽፎባታል። ከሥሩም፣

«ለከርሞ ዕጣ። በሰዓቱ ባልደርስ እማማ ያውጡልኝ።»

ድጋፉ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መምህሩ ዐርፈዋል። ሰሌዳው የዶሮ ቤት በር ሆኗል፤ በቁልፉ ቀዳዳ ጫጩት አንገቷን ታወጣለች። የልጅ ልጄ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለች፤ ስለ እሷ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ዲላ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የአክስቷን ቤት አፈላልጉልኝ እላለሁ። እስካሁን ያወቀ የለም።

በየዓመቱ ገና ካለፈ በኋላ፣ ባለሙያው በመጣበት ሰሞን፣ አቮካዶው ሥር እቀመጣለሁ። ክዳኑን ገጥሜ ጣሳውን እስኪደክመኝ እነቀንቃለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን እሰዳለሁ። ሌላ ወረቀት የለበትምና፣ ሁልጊዜ የሚወጣው የእሷ ነው።